ተቆርጦ የተለጠፈው ልጅ ኢያሱ

እሑድ ከሰዓት እንጦጦ ማርያም አጥር ሥር አንድ ፎቶ አንሺ ልጅ ስልኩን አሳየኝ። የአንዲት ጎፈሬያም ልጅ ፎቶ ነው። በጣቱ ነካ ሲያደርጋት ከኋላዋ ያለው ባሕር ዛፍ ሁሉ ጠፋና ብቻዋን ቀረች። «ጋሼ፣ ከፈለጉ እርስዎንም ቆርጬ ዱባይ ላቆምዎት» አለኝ። (ጋሼ ያለኝን ነገር ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።) ምስሉን አጉልቼ ሳየው ጎፈሬዋ ጠርዝ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀርቷል። «ፀጉር ያስቸግራል» አለ።

እኔ ያሰብኩት ግን ፀጉሩ በጥምጣም ስለተሸፈነ አንድ ሰው ነበር።

ልጅ ኢያሱ የምኒልክ የልጅ ልጅ ነው። አባቱ ንጉሥ ሚካኤል በእስልምና ተወልደው ክርስትና የተነሱ የወሎ ገዢ ናቸው። ልጅ ኢያሱ በ1906 ምኒልክ ሲሞቱ አልጋውን ቢይዝም ዘውድ አልጫነም። ሐረርና ድሬዳዋ ይመላለስ ነበር፤ ከሙስሊም ባላባቶች ቤት ተጋብቷል፤ ከሱማሌዎችም ጋር ተወዳጅቷል። ጊዜው አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን «ከቱርክ ጋር ሊያብር ነው» ብለው ሰግተዋል፤ የሸዋ መኳንንትም የራሳቸው ቂም ነበራቸው።

በዚያ ሰሞን ነው ልጅ ኢያሱን በሙስሊም አለባበስ የሚያሳይ ፎቶ በከተማው የተሰራጨው። ተቀናብሮ የተሠራ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል፤ የሠራው አርመናዊ ፎቶ አንሺ ነው ተብሎም ይነገራል። የዘመኑ ዘዴ ቀላል ነው፦ የታተመውን ፎቶ በመቀስ መቁረጥ፣ በሌላው ላይ መለጠፍ፣ የመጋጠሚያውን መስመር በብሩሽ መደበቅ፣ ከዚያ ሁሉንም እንደገና ፎቶ ማንሳት። አዲሱ ፎቶ ሲታተም መቀሱም ሙጫውም አይታይም። ጥምጣም ደግሞ ለቆራጭ ይመቻል፤ ያንን አስቸጋሪ የፀጉር ጠርዝ ይሸፍንለታል።

መስከረም 17 ቀን 1909፣ የመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱ ግቢ ተሰበሰቡ። አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱ። ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ተባሉ። ልጁን ሊመልሱ የዘመቱት ንጉሥ ሚካኤል ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ፤ በዚያ ሜዳ ስንት ሺህ ሰው እንደወደቀ አስቡት።

ፎቶው ብቻውን ንጉሥ አወረደ አልልም። መኳንንቱም ኤምባሲዎቹም ፎቶ አልጠበቁም። ሐሜቱ ግን ቀድሞ ነበር፤ ፎቶው በሐሜቱ ላይ ነው የተለጠፈው። ዛሬም በየስልካችን የሚዞረውን የውሸት ፎቶ የምናምነው ቀድሞ የጠረጠርነውን ሰው ሲያሳየን ነው።

እኔን የሚቆረቁረኝ ግን ሌላ ነገር ነው። መቶ ዓመት ሙሉ «ፎቶው እውነት ነው ወይስ ውሸት?» ብለን ስንከራከር፣ ጥምጣም ማሰር በራሱ ክስ መሆኑን ዝም ብለን አልፈናል። ይህን አገር ከጥንት ጀምሮ አገሬ ያለ፣ ጥምጣሙን አስሮ ያረሰና የነገደ ሙስሊም ያንን ፎቶ ሲያይ ምን ይሰማው ነበር? ውሸቱ ቢጋለጥም ስድቡ ለእሱ ያው ነው። ልጅ ኢያሱን ነፃ እናወጣለን ብለው የሚጽፉ ሰዎች ሳይቀሩ «ኧረ እሱ ሙስሊም አልነበረም!» ሲሉ እሰማለሁ፤ ቢሆንስ?

ልጅ ኢያሱ በ1913 ተይዞ እስከ ኅዳር 1928 በእስር ኖረ፤ በእስር እንዳለም ሞተ።

ፎቶ አንሺው ዱባይ ያቆመኝን ፎቶ ላከልኝ። ጆሮዬ ግማሹ የለም። «ኦርጅናሉን ላጥፋው?» አለኝ። ተወው አልኩት።