ጄኔሬተር ተጠባባቂ የሆነው እንዴት ነው?

ጣሪያው ላይ ሶላር የተከለ ሰው ጄኔሬተር ምን ያደርግለታል? ፀሐይ በነፃ እየወጣችለት ነዳጅ መግዛቱስ ምን ይሉታል? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን መቶ ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ። ምክንያቱም ከመብራት መስመር ርቆ ወደሚገኝ ቤት ቀድሞ የገባው ሶላር ሳይሆን ጄኔሬተር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1916 ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስና ባልደረቦቹ፣ በኦሃዮ ግዛት በዴይተን ከተማ፣ «ዴልኮ-ላይት» የተባለ የቤት ጄኔሬተር ይዘው ብቅ አሉ። ደንበኞቻቸው ገበሬዎች ነበሩ። ያኔ የኤሌክትሪክ መስመር ከከተማ ብዙም አይርቅም ነበር። በ1930ዎቹ አጋማሽ እንኳን ከአስር የአሜሪካ የእርሻ ቤቶች መብራት የነበረው አንዱ ገደማ ብቻ ነው።

የዴልኮ-ላይት ብልሃት ሞተሩ ብቻ አይደለም። በነጭ ጋዝ ከሚሠራው ትንሽ ሞተር ጎን 16 የባትሪ ሴሎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ሴል 2 ቮልት ነው፤ በድምሩ 32 ቮልት ይሆናል። ሞተሩ ለተወሰኑ ሰዓታት ሠርቶ ባትሪውን ይሞላና ይጠፋል። ማታ አምፖሉ የሚበራው ከባትሪው ነው። እርሳስና አሲድ አገናኝቶ እንዲህ ያለውን ባትሪ የፈለሰፈው ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ሲሆን፣ ጊዜውም 1859 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ጄኔሬተሩ በዋናነት የሚሠራው ለባትሪው እንጂ ለአምፖሉ አይደለም።

ለምን መሰላችሁ? ሞተር ሥራ ሲያንሰው ነዳጅ ያባክናል። 5,000 ዋት መስጠት የሚችል ጄኔሬተር 50 ዋት ለማብራት ሲጮህ ቢያድር፣ አብዛኛው ነዳጅ የሚያልቀው ሞተሩ ራሱን ለማሽከርከር ነው። የናፍጣ ሞተር ከሆነማ ነዳጁ በደንብ ስለማይቃጠል ውስጡ ጥላሸት ይከማቻል። ባትሪ ሲሞላ ግን ሞተሩ በአንዴ በቂ ሥራ ያገኛል፤ ቶሎ ጨርሶ ያርፋል።

በ1954 የአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ከሲሊከን የተሠራ ሶላር ሴል ለሕዝብ አሳየ። ሴሉ ካረፈበት የፀሐይ ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 6 በመቶ ያህሉን ነበር። ዋጋው ግን የሚቀመስ አልነበረም፤ በ1958 ቫንጋርድ 1 የተባለችው ሳተላይት ይዛው ወደ ጠፈር ወጣች። በ1970ዎቹ ዋጋው ወረደ። በ1978 ደግሞ በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ዊሊትስ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ «ሪል ጉድስ» የተባለ ሱቅ ተከፍቶ ከመስመር ርቀው ለሚኖሩ ሰዎች ሶላር ይሸጥ ጀመር። ሶላር የመጣው ሌላ ባትሪ ሞይ ሆኖ ነው፤ ጄኔሬተሩም እንደ እግር ኳስ ተጫዋች ወደ ተጠባባቂ ወንበር ሄደ።

ታዲያ ለምን ጨርሶ አልተባረረም? በክረምት ምክንያት። ቀኑ ሲያጥርና ደመናው ለቀናት ሲቆይ ሶላሩ የቤቱን ፍጆታ መሸፈን ያቅተዋል። ለዚያች አስቸጋሪ ሳምንት ብሎ ፓኔሉንና ባትሪውን እጥፍ ማድረግ ይቻላል፤ ግን ትርፉ በበጋ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ባዶውን ሲከርም ውስጡ የሚፈጠረው የእርሳስ ሰልፌት እየጠጠረ አቅሙን ይበላዋል። ስለዚህ ጄኔሬተሩ ከመብራቱ ይልቅ የሚያድነው የባትሪውን ዕድሜ ነው።

የሚነሳበት ሰዓትም ብልሃት አለው። ባዶ ባትሪ ኃይል በፍጥነት ይቀበላል፤ 80 በመቶ ገደማ ከደረሰ በኋላ ግን አቀባበሉ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ትንሽም ብትሆን ፀሐይ በምትጠበቅበት ቀን፣ ጠዋት ጄኔሬተሩን አስነስቶ ፈጣኑን ክፍል መሙላት፣ ቀርፋፋውን ለሶላሩ መተው ያዋጣል። ማታ ቢነሳ ግን ያንን የመጨረሻ ጭማሪ የሚሞላው በነዳጅ ነው።

ዛሬ ይህን ሁሉ የሚቆጣጠሩ ኢንቨርተሮች አሉ፤ ባትሪው ሲወርድ ጄኔሬተሩን ራሳቸው ያስነሳሉ። የሊቲየም ባትሪም ቶሎ ስለሚሞላ ሞተሩ የሚሠራበትን ሰዓት ያሳጥራል። አንድ ነገር ግን አልተለወጠም፦ ከሞተሩ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ይገድላል። ጄኔሬተር ቤት ውስጥም በረንዳ ላይም አይነሳም፤ ቦታው ከበርና ከመስኮት ርቆ ውጭ ነው።

እንግዲህ ሶላር ያለበት ቤት አጠገብ ጄኔሬተር ሲጮህ ከሰማችሁ ጠይቁ፦ የሚሠራው ለአምፖሉ ነው ወይስ ለባትሪው?