ከቋራ ሽለላ እስከ አይሪሽ ፓንክ

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲወጋ፣ አምባው ውስጥ ቀድመው ከገቡት ወታደሮች ሁለቱ አይሪሾች ነበሩ። ማይክል ማግነርና ጄምስ በርጊን ይባላሉ፤ የ33ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር አባላት ናቸው። በሩ አልከፈት ሲል አንዱ ሌላውን እየደገፈ ግንቡን ወጡ፤ የእሾህ አጥሩንም ጥሰው ገቡ። ለዚህም ሁለቱም የቪክቶሪያ መስቀል ተሸለሙ። ማግነር በማዕረጉ ከበሮ መቺ ነበር። በዚያው ዕለት ከቋራ ቆላ ተነሥተው ንጉሠ ነገሥት ለመሆን የበቁት አባ ታጠቅ ቴዎድሮስ እጃቸውን ላለመስጠት የገዛ ሽጉጣቸውን ጠጡ።

የአየርላንድ ከበሮ መቺና የቋራው ካሣ (ቴዎድሮስ) የተገናኙት እንዲህ ነው፤ በጦር ሜዳ፣ አይሪሹም በሌላ ሕዝብ ባንዲራ ሥር ሆኖ። በእኔ እምነት ግን የሁለቱ ሕዝቦች እውነተኛ መገናኛ ሙዚቃ ነው። ሽለላና ፉከራ እየሰማ ያደገ የመተማ፣ የቋራ ወይም የአርማጭሆ ሰው ሴልቲክ ፓንክ የሚባለውን ሙዚቃ ቢሰማ ባዕድ አይሆንበትም። ለምን እንደሆነ ታሪኩ ራሱ ይናገራል።

ከረሃብ የተረፈ ዜማ

እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1852 አየርላንድን የመታው ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ገደለ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆነውን ደግሞ ከአገር አስወጣ። ድንቹን በሽታ አበላሸው፤ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር የነበረችው ደሴት ግን በዚያው ረሃብ መካከል እህልና ከብት ወደ ውጭ ትልክ ነበር። ሰዉ በመርከብ እየተጫነ ወደ ሊቨርፑል፣ ወደ ቦስተንና ወደ ኒው ዮርክ ተሰደደ። የያዘው ጓዝ ጥቂት ነው፤ ዜማው ግን አብሮት ተሻገረ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1982፣ ለንደን ውስጥ ዘ ፖግስ የተባለ ባንድ ተመሠረተ። ዘፋኙ ሼን ማክጋዋን ከአይሪሽ ወላጆች እንግሊዝ አገር የተወለደ፣ በሕፃንነቱ ቲፐራሪ በዘመዶቹ ቤት የቆየ ነው። እሱና ጓደኞቹ የአይሪሾችን የስደትና የመጠጥ ቤት ዘፈን ወስደው በፓንክ ፍጥነትና ቁጣ ተጫወቱት፤ ሴልቲክ ፓንክ የሚባለው ይህ ነው። ጄምስ ፈርንሊ አኮርዲዮን፣ ጄም ፋይነር ባንጆ፣ ስፓይደር ስቴሲ የቆርቆሮ ዋሽንት ይዘው መድረክ ይወጡ ነበር። ስቴሲ አንዳንዴ ዋሽንቱን ያስቀምጥና የቢራ ማቅረቢያ ትሪ አንሥቶ ግንባሩን እየመታ ምቱን ይጠብቅ ነበር። ይህን ያየ ሰው ነገሩን እንደ ቀልድ ሊያየው ይችላል። ነገር ግን ድሃ ቤት ውስጥ የተገኘው ሁሉ መሣሪያ ነው፤ ጮሆ መሰማት ደግሞ የተናቀ ሕዝብ የመጀመሪያ ፍላጎት ነው።

አምስቱ ድምፆች

ጉዳዩ በስሜት ብቻ የሚያበቃ አይደለም፤ ቅኝቱም ይቀራረባል። ክራራችን በትዝታ ሜጀር ሲቃኝ የሚሰጣቸው አምስት ድምፆች እጅግ ብዙ የስኮትላንድና የአየርላንድ የሕዝብ ዜማዎች የቆሙባቸው አምስት ድምፆች ናቸው። ስኮትላንዶች በአዲስ ዓመት ሌሊት እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚዘፍኑት ዝነኛ ዜማ ከእነዚህ አምስት አይወጣም። ክራር የሚደረድር ሰው ቅኝቱን ሳይለውጥ ሊጫወተው ይችላል። አንዱ ሕዝብ ከሌላው ወስዶ አይደለም፤ በአምስት ድምፅ ማዜም በብዙ የዓለም ክፍል ያለ ጥንታዊ ልማድ ነው። ድንበር ማዶ ያሉት ሱዳኖችም በአምስት ድምፅ ስለሚያዜሙ ነው የመሐመድ ዋርዲ ዘፈን ከመተማ አልፎ አዲስ አበባ ድረስ የተወደደው።

የጦር ሜዳውም ልማድ እንዲሁ ነው። የስኮትላንድ ደጋ ወታደሮች ባግፓይፕ እየተነፋላቸው እንደሚዘምቱ ሁሉ፣ የእኛም ጦር አዝማሪ አስከትሎ ነበር የሚዘምተው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ መተማ ላይ የሱዳን ደርቡሾችን ገጠሙ። ከአንድ ዓመት በፊት የደርቡሾቹ አዛዥ አቡ አንጃ ጎንደር ድረስ ዘልቆ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጥሎ ነበርና የዘመተው ጦር በቀል ያንገበግበው ነበር። የአዲሱ የደርቡሾች አዛዥ የዘኪ ቱማል ምሽግ ተጥሶ ድሉ ወደ ኢትዮጵያውያን ሲያዘነብል አባ በዝብዝ ዮሐንስ በጥይት ተመቱ፤ በማግሥቱም ዐረፉ። የድንበሯ ከተማ እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች።

በዚያ ቆላ ሽለላ ዛሬም በሠርግ፣ በደቦና በበዓል ይሰማል። ሸላዩ ድምፁን ከላይ ይጀምራል፤ ምት አይጠብቅም፤ ቃሉን ይስበዋል፣ ይሰብረዋል፣ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ያወርደዋል። ተቀባዮቹ ያግዙታል። ፎካሪው «ዘራፍ!» ብሎ ይነሣና ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ አባቱን፣ አያቱን፣ የፈረሱን ስም ይጠራል። ከሙዚቃነቱ በፊት የማንነት መግለጫ ነው። ፓንክም ሲጀመር የተነሣው ከዚህ ፍላጎት ነው፤ ማንም ያልጠየቀው ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ማን እንደሆነ ይናገራል።

ዓመተ ምሕረት 1977

ሁለተኛው መገናኘት የመጣው በረሃብ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ የኮረምን መጠለያ ለዓለም አሳየ። ያን ዘገባ ካዩት አንዱ ቦብ ጌልዶፍ ነበር፤ ከደብሊን አጠገብ የተመሠረተው የፓንክ ዘመን ባንድ፣ የዘ ቡምታውን ራትስ ዘፋኝ። ከስኮትላንዳዊው ሚጅ ዩር ጋር ሆኖ ዘፈን ጻፈ፤ የዘመኑን ታዋቂዎች ሰብስቦ ባንድ ኤይድን አቋቋመ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት በለንደንና በፊላደልፊያ ተካሄደ።

በዚያው ዓመት በጎንደር ምዕራብ ቆላ በኩል ሺዎች በእግራቸው ወደ ሱዳን ይሻገሩ ነበር። ከነሱ መካከል ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ፤ ኡም ራኩባ በተባለው መጠለያ ብዙዎቹ በበሽታና በረሃብ አለቁ፤ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ስምንት ሺህ ያህሉ በዘመቻ ሙሴ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ።

የጌልዶፍ ሥራ ነፍስ አድኗል፤ ምስጋና ይገባዋል። የራሱ ሕዝብ ታሪክ ረሃብን ያውቃልና ልቡ መነካቱ አያስገርምም። ይሁንና በዚያ ዘፈን ውስጥ አንድም ኢትዮጵያዊ ድምፅ አልነበረም። ተዘፈነልን እንጂ አልዘፈንንም። ዓለም የያዘውም ሥዕል ድምፅ የሌለው ሕዝብ ሥዕል ሆነ፤ ሽለላና ፉከራ ያለው ሕዝብ!

አጃቢው ፓንክ ሲሆን

ይህን ሥዕል ያቃኑት ከይፋት የተነሡት የሳክስፎን ጌታ ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ናቸው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ የጀመሩት ጋሽ ጌታቸው፣ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ተጫውተዋል። ትልቁ ሥራቸው ሽለላን ከሰው ጉሮሮ ወደ ሳክስፎን ማሸጋገራቸው ነው። የጎፈር ቆብ ደፍተው፣ የጀግና ካባ ለብሰው መድረክ ላይ ሲወጡ ሳክስፎኑ ይፎክራል። ምዕራባውያን ከአሜሪካዊው አልበርት አይለር ጋር ያነጻጽሯቸዋል፤ እሳቸው ግን የተነሡት ከሽለላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተው የሆላንድ ፓንክ ባንድ ዘ ኤክስ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጋሽ ጌታቸውን አምስተርዳም ጋበዛቸው። እሳቸውም ቀጣዩን አልበሜን እናንተ አጅቡኝ አሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞአ አንበሳ» ወጣ። በውስጡ «ቼ በለው» ሽለላ አለ። ጊታሮቹ የቴሪ ሄሰልስና የአንዲ ሙር ናቸው፤ ይፋጫሉ፣ ይቧጭራሉ፤ ካተሪና ቦርንፌልድ ከበሮውን ደልቃ ትመታለች፤ ከሁሉ በላይ ግን ሳክስፎኑ ይሸልላል። ፓንኩ አጃቢ፣ ሽለላው ባለቤት ሆነ። ጋሽ ጌታቸው መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. ከማረፋቸው በፊት ከነዚህ ሰዎች ጋር በአውሮፓ መድረኮች ተጫውተዋል።

ከየት ይጀመር?

ለዚህ ሙዚቃ አዲስ የሆነ አንባቢ ከ«ሞአ አንበሳ» ይጀምር። ቀጥሎ ወደ ዘ ፖግስ ይሂድ፤ በተለይ እ.ኤ.አ. በ1988 ወደወጣው አልበማቸው፣ አትላንቲክን ስላቋረጡት ስደተኞች የሚናገረው የፊሊፕ ቼቭሮን ዘፈን እዚያ አለና። የስደት ዘመድ ያለው ሁሉ ይረዳዋል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1996 በቦስተን አካባቢ የተመሠረቱት ድሮፕኪክ መርፊስ ይከተሉ፤ ስለ ወዛደርና ስለ ሠራተኛ ማኅበር ይዘፍናሉ፤ ባግፓይፓቸው ሲገባ ደም ያፈላል። የደብሊኑ ልጅ ዴቭ ኪንግ ሎስ አንጀለስ ላይ ያቋቋመው ፍሎጊንግ ሞሊ ለእንጉርጉሮ ይቀርባል። የካናዳዎቹ ዘ ሪል ማኬንዚስ ስኮትላንዳዊውን ወገን ይወክላሉ። ወደ አገር ቤት ሲመለሱ ደግሞ የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ»ና አስናቀ ገብረየስ ከፈረንሳዩ ዩካንዳንዝ ጋር የሠራውን ይስሙ።

ከ2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ወዲህ መንገዱ ተገልብጦ፣ ስደተኛው ከገላባት ወደ መተማ፣ ወደ ኩመር መጠለያ መጥቷል። ምዕራብ ጎንደር ራሱም በግጭት ብዙ ተጎድቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ሙዚቃ መጻፍ ቅንጦት የሚመስለው ይኖራል። የአየርላንድ ታሪክ ግን ሌላ ያስተምራል፦ መሬቱንና እህሉን ያጣ ሕዝብ ዜማውን ስላልጣለ የልጅ ልጆቹ በለንደንና በቦስተን ራሳቸውን መልሰው አገኙ።

ለዚህ ግን ዜማው ሊቆያቸው ይገባ ነበር። በቋራ፣ በመተማና በአርማጭሆ ሽለላውን ከነሙሉ አካሄዱ የሚያውቁት አረጋውያን ናቸው። የባህል ቢሮዎች፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ስልክ ያለው ወጣት ሁሉ ዛሬ ሊቀዳቸው ይገባል፤ የሸላዩን ስምና የቀበሌውን ስም ጨምሮ። ጋሽ ጌታቸው ሽለላን ወደ ሳክስፎን ያሸጋገሩት ከልጅነት ሰምተው ስላደጉ ነው። ነገ ጊታር የሚያነሣ የገንዳ ውኃ ልጅም የሚሰማው ነገር ያስፈልገዋል፤ ያን ማቆየት የእኛ ድርሻ ነው።