ነቢዩ በማን ፊት ይናገራል? የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ትንቢትን የመረመረችበት መንገድ

በአብያተ ክርስቲያናት ስለ ትንቢት ክርክር ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ጥያቄ «የተናገረው ተፈጽሟል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው መጽሐፍ ቅዱሳዊ መሠረት አለው (ዘዳ. 18፥22)። ነገር ግን ያው መጽሐፍ፣ ምልክቱ ቢፈጸም እንኳ ሕዝቡን ወደ ሌሎች አማልክት የሚመራ ነቢይ እንዳይሰማ ያዝዛል (ዘዳ. 13፥1-3)። ስለዚህ መፈጸም ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ከሐዋርያት በኋላ የተነሡት ምእመናን ይህን ተረድተው ስለ ነቢዩ ኑሮና ስለ ጉባኤው ኀላፊነት አጥብቀው ይጠይቁ ነበር።

የዲዳኬ መመዘኛ

ዲዳኬ ከጥንታውያኑ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጽሑፎች አንዱ ነው። የግሪኩ ቅጂ በ1873 እ.ኤ.አ. በቁስጥንጥንያ ተገኝቶ በ1883 ታተመ። ስለ ነቢያት የሚናገረው ክፍል ግን በአገራችን በግእዙ ሲኖዶስ ውስጥ ተጠብቆ ኖሯል።

የዲዳኬ አንባቢዎች ከቦታ ቦታ የሚዘዋወሩ አገልጋዮችን የሚያስተናግዱ ጉባኤያት ነበሩ። መመሪያውም ተግባራዊ ነው። እንግዳው ከሁለት ቀን በላይ ቢቀመጥ፣ ሲሄድም ከስንቅ አልፎ ገንዘብ ቢጠይቅ፣ ሐሰተኛነቱ ታውቋል። በመንፈስ ነኝ ብሎ ለራሱ ገንዘብ የሚያዝዝ አይሰማም፤ ለችግረኞች የሚጠይቅ ግን አይነቀፍም። እውነትን አስተምሮ የማይኖረውም ሐሰተኛ ነው። ይሁንና መጽሐፉ አገልጋይን መደገፍን አይቃወምም፤ በመካከላቸው ለሚኖር እውነተኛ ነቢይ በኵራት እንዲሰጠው ያዝዛል። ልዩነቱ ጉባኤው በፈቃዱ በሚሰጠውና ነቢዩ በእግዚአብሔር ስም በሚያስከፍለው መካከል ነው።

የሄርማስ ምስክርነት

በሁለተኛው ክፍለ ዘመን በሮም የተጻፈው የሄርማስ እረኛ ሌላ መመዘኛ ይጨምራል። ይህም መጽሐፍ በግእዝ ተተርጕሟል። በእርሱ አገላለጽ ሐሰተኛው ነቢይ የሚናገረው በማእዘን ተሸሽጎ ነው፤ ልባቸው ለሚወላውል ሰዎች እንደ ጠንቋይ የሚሹትን ይነግራቸዋል፣ ዋጋም ይቀበላል። ጻድቃን ወደ ተሰበሰቡበት ጉባኤ ሲገባ ግን ባዶ ይሆናል። እውነተኛው ትሑት ነው፤ ጉባኤው ሲጸልይ፣ እግዚአብሔር በወደደ ጊዜ ይናገራል።

የሞንታኑስ እንቅስቃሴ

በሁለተኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግድም በፍርግያ ሞንታኑስ፣ ጵርስቅላና ማክሲሚላ «አዲስ ትንቢት» ይዘው ተነሡ። በአውሳብዮስ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ተጠብቀው የደረሱን ጸሓፊዎች እንደሚሉት፣ ማክሲሚላ ጦርነትና ሁከት እንደሚመጣ ተናግራ ነበር፤ ከሞተች ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላም አልመጣም። አጵሎንዮስ የተባለው ጸሓፊ ደግሞ ገንዘብ ሰብሳቢዎች መሾማቸውን ይነቅፋል። እነዚህ ምስክሮች ተቃዋሚዎች ስለ ሆኑ ቃላቸውን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። እንዲሁም ተቃዋሚው ኤጲፋንዮስ ራሱ በሥላሴ ትምህርት እንዳልሳቱ ይመሰክራል፤ ታላቁ ተርቱሊያንም ተከትሏቸዋል። «ትምህርቱ ትክክል ነው» ማለት ብቻውን በቂ አልነበረም ማለት ነው። መፍትሔውም የአንድ ሰው ውሳኔ አልነበረም፤ የእስያ ምእመናን በተለያዩ ስፍራዎች ደጋግመው ተሰብስበው ቃሉን መረመሩ።

ለዛሬ አገልጋዮች

ጳውሎስ ትንቢትን ሳንንቅ ሁሉን እንድንመረምር ያዝዘናል (1ኛ ተሰ. 5፥19-21)። ሁለቱ ትእዛዛት አንድ ላይ የተሰጡ ናቸው። በማታለል ተጎድቶ ስጦታውን ፈጽሞ የሚዘጋ መጋቢ የመጀመሪያውን ይጥሳል፤ መድረኩን ለማንም የሚለቅም ሁለተኛውን።

ስለዚህ አንድን አገልጋይ ከመጋበዛችን በፊት እነዚህን እንጠይቅ፦ በራሱ ቤተ ክርስቲያን ለሽማግሌዎች ተጠያቂ ነውን? ቃሉን በጉባኤ ፊት ያስመረምራልን (1ኛ ቆሮ. 14፥29)፣ ወይስ በስልክና በግል ክፍል ብቻ ይናገራል? ከትንቢቱ ጋር ክፍያ ይያያዛልን? በትዳሩ፣ በገንዘብ አያያዙና በንግግሩ የጌታ መንገድ ይታያልን? እነዚህን ለመመርመር ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ ለመንጋው የሚገደው እረኛ መሆን ይበቃል። ሳይጠየቁ የቀሩ እንደ ሆነ ግን ዕዳውን የሚከፍሉት ተስፋቸውንና ያላቸውን ጥሪት ለአንድ ሰው ቃል የሰጡ ምእመናን ናቸው።