ለማጅ አሽከርካሪ ሊያውቃቸው የሚገቡ የተሽከርካሪ ደህንነት ፍተሻዎችና መቆጣጠሪያዎች

የእስቴ ወረዳ ዋና ከተማ መካነ ኢየሱስ በደቡብ ጎንደር ዞን፣ ከጉና ተራራ በስተደቡብ በኩል ትገኛለች። ጉና ከባሕር ጠለል በላይ ከ4 ሺህ ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ሲኖረው፣ የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫም ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከዚህ ደጋ ተነስተው በእስቴ በኩል ወደ ዓባይ፣ በስማዳ በኩል ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚወርዱት መንገዶች መንገደኛውን በአንድ ቀን ጉዞ ከውርጭ ወደ ቆላ ሙቀት ያደርሱታል። በእንዲህ ያለ መልክዓ ምድር፣ በሜዳ ላይ ጉዞን ከማስተጓጎል የማያልፍ የተሽከርካሪ ብልሽት የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። በመሆኑም በአካባቢው መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የሚለማመድ ሁሉ ከመሪው በፊት ፍተሻን መማር ይኖርበታል።

በጋይንት ምድር ከባድ ጎማ በዳገትና በቁልቁለት ሲፈትን የታየው ተሽከርካሪ ወደ አገሪቱ ከመግባቱ አስቀድሞ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የተሠራውንና 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በ1860 ዓ.ም ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጓዙት በዚሁ አቅጣጫ ነበር። ሠራዊቱ መንገድ እየጠረገና መድፉን በሰው ጉልበት እየጎተተ መቅደላ ለመድረስ ከ5 ወራት በላይ ወስዶበታል። ዛሬ ዳገቱን የሚወጣው ሞተር ነው። ይሁን እንጂ ቁልቁለት ላይ ክብደቱን ወደ ኋላ የሚይዘው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ አሁንም የእያንዳንዱ አሽከርካሪ ጥያቄ ሆኖ ቀጥሏል።

የሕግ ማዕቀፉ

የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አሰጣጥን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ቀደም ሲል ይሠራበት የነበረውን አዋጅ ቁጥር 600/2000 ተክቷል። ዕጩ አሽከርካሪው በንድፈ ሐሳብና በተግባር ሠልጥኖ በሁለቱም መፈተን አለበት። በሌላ በኩል የተሽከርካሪዎች መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ እንዲደረግላቸው ይደነግጋል። ሕዝቡ ቦሎ የሚለው ምልክት በመስታወት ላይ የሚለጠፈውም ከዚህ ጋር በተያያዘ ነው።

ሆኖም ዓመታዊው ምርመራ የሚያረጋግጠው ተሽከርካሪው በተመረመረበት ዕለት የነበረበትን ሁኔታ ነው። የተቀሩት 364 ቀናት ኃላፊነት የአሽከርካሪው ነው።

ሞተር ከመነሳቱ በፊት

የዕለት ፍተሻ የሚጀምረው ተሽከርካሪውን ዙሪያውን በመመልከት ነው። በመጀመሪያ ከሥሩ ዘይት፣ ውሃ ወይም ነዳጅ መፍሰስ አለመፍሰሱን፣ ቀጥሎም የጎማዎቹን ሁኔታ ማየት ያስፈልጋል። የጎማ ነፋስ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ ነው። የጎማ ጥርስ ጥልቀት በበርካታ አገሮች ከ1 ነጥብ 6 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። የጎማው የውስጥ ጎን ከዕይታ ስለሚሰወር ጎንበስ ብሎ ማየት ይገባል። ጥንድ የኋላ ጎማ ባላቸው የጭነት መኪናዎች ላይ በሁለቱ መካከል የተሰነቀረ ድንጋይ ካለ መውጣት አለበት። የጎማ ብሎኖች መጥበቃቸው፣ ተቀያሪ ጎማው ነፋስ መያዙ፣ ክሪክና የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን መኖራቸውም በዚሁ ጊዜ ይረጋገጣል።

ታኮም ከመኪናው መለየት የለበትም። ዳገት ላይ የቆመ መኪና እንዳይንሸራተት ድንጋይ መደገፍ የተለመደ ቢሆንም፣ ሲነሱ ድንጋዩን መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ በሌሊት ለሚመጣው ሌላ ተሽከርካሪ አደጋ ማስቀመጥ ነው።

ኮፈኑ ሲከፈት የሞተር ዘይት መጠን ተሽከርካሪው ሜዳ ላይ ቆሞ ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ይለካል። የፍሬንና የፍሪሲዮን ዘይት በመያዣቸው ላይ ባለው ምልክት መካከል መሆን አለበት። የፍሬን ዘይት በተደጋጋሚ ከቀነሰ ጨምሮ መሄድ መፍትሔ አይሆንም፤ ወይ የሚያፈስ ቦታ አለ ወይም የፍሬኑ ሸራ አልቋል ማለት ነው። የፍሬን ዘይት ከጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ውሃ የገባበት ዘይት በሙቀት ቶሎ ይፈላል። ስለዚህ በአምራቹ በተወሰነው ጊዜ መለወጥ አለበት።

የራዲያተር ውሃ ለደጋ አሽከርካሪ የተለየ ትኩረት የሚሻ ነው። በ3 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ የመፍያውን ሙቀት ከፍ ስለሚያደርግ፣ የላላ ወይም የተበላሸ ክዳን ሞተሩን በዳገት ላይ ቶሎ ያግለዋል። በጋለ ሞተር ላይ ክዳኑን መክፈት ግን ፊትንና እጅን ለከባድ ቃጠሎ ይዳርጋል። ቺንጊያው መላላቱና መሰንጠቁ፣ የባትሪ ጫፎች መጥበቃቸውም አብረው ይታያሉ።

ከመሪው ኋላ

አሽከርካሪው ከተቀመጠ በኋላ ወንበሩን ፔዳሎቹን እስከ መጨረሻ መርገጥ በሚችልበት ርቀት ያስተካክላል፤ ስፖኪዮዎችን ያመቻቻል፤ የደህንነት ቀበቶ ያስራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ቀበቶ ማሰር ከፊት የሚቀመጡ ሰዎችን የሞት አደጋ በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

ፔዳሎቹ ከግራ ወደ ቀኝ ፍሪሲዮን፣ ፍሬንና ነዳጅ መስጫ ናቸው። ፍሬንና ነዳጅ የሚረገጡት በቀኝ እግር ብቻ ነው። ለማጁ ማርሾችን፣ የእጅ ፍሬንን፣ መብራትን፣ ፍሬቻን፣ ክላክስንና የዝናብ መጥረጊያን ዓይኑን ከመንገድ ሳይነቅል በእጁ ማግኘት እስኪችል በቆመ መኪና ላይ መለማመድ አለበት። በጉና አካባቢ ጉም ሲወርድ ረጅም መብራት ብርሃኑን መልሶ ዓይን ላይ ስለሚረጭ አጭር መብራት መጠቀም ይገባል።

የፍሬን አጋዥ መሣሪያ ያለው መኪና በቀላሉ ይፈተሻል። ሞተሩ እንደጠፋ ፍሬኑ እስኪጠነክር ደጋግሞ ይረገጣል፤ ከዚያም እግር ሳይነሳ ሞተሩ ይነሳል። ፔዳሉ በጥቂቱ ዝቅ ካለ አጋዡ ይሠራል። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ከሆነ በመስመሩ ውስጥ አየር ሊኖር ይችላል፤ ተረግጦ ሳለ ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ ደግሞ ዘይት የሚያልፍበት ቦታ መኖሩን ያመለክታል። በሁለቱም ሁኔታ ጉዞ አይጀመርም። በአየር ፍሬን በሚሠሩ አውቶቡሶችና የጭነት መኪናዎች ላይ የአየር ግፊት መለኪያው የሚፈለገውን መጠን ሳያሳይና የማስጠንቀቂያ ምልክቱ ሳይጠፋ መንቀሳቀስ ክልክል ሊሆን ይገባል። በአየር ጋኑ ውስጥ የሚጠራቀመውም ውሃ በየጊዜው መውጣት አለበት። የመጨረሻው ፍተሻ መኪናው እንደተንቀሳቀሰ በዝግታ እየሄዱ ፍሬኑን መሞከር ነው።

ቁልቁለት

ሁሉም ፍተሻዎች ዋጋቸው የሚታወቀው በቁልቁለት ላይ ነው። ጠቅላላ ክብደቱ 10 ቶን የሆነ የጭነት መኪና 1 ሺህ ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል ከ250 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። አሽከርካሪው ይህን ሁሉ ኃይል በእግር ፍሬን ብቻ ለመያዝ ከሞከረ ሙቀቱ ሸራውን ያግላል፤ የፍሬን ዘይቱን ያፈላል፤ በመጨረሻም የተረገጠው ፔዳል መልስ አይሰጥም።

ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ከባድ ማርሽ ማስገባት፣ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ ማድረግና የእግር ፍሬንን በመሃል በመሃል እየረገጡ እየለቀቁ መጠቀም የመጀመሪያው ሕግ ነው። ከደብረ ታቦር በነፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ጋሸና በሚዘልቀው መንገድ፣ በተለይም በጨጨሆ፣ ይህን ሕግ መዘንጋት አይቻልም። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከተሰማ ፍሬኑ እስኪበርድ ምቹ ቦታ ላይ መቆም ያስፈልጋል። የጋለ ፍሬን ላይ ግን ውሃ አይደፋም።

ነዳጅ ለመቆጠብ በሚል በፎሌ መውረድ ወይም ሞተር ማጥፋት እጅግ አደገኛ ልማድ ነው። ሞተር ሲጠፋ የፍሬን አጋዡ ጥቂት ጊዜ ብቻ አገልግሎ ያበቃል፤ መሪው ይከብዳል፤ ቁልፉ ከተነቀለም ሊቆለፍ ይችላል። ፍሬን እምቢ ካለ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ መርገጥ፣ ማርሽን ደረጃ በደረጃ ማክበድ፣ በአነስተኛ መኪና ላይ የእጅ ፍሬንን ቀስ በቀስ መሳብ፣ ክላክስና መብራት እያሳዩ ወደ ዳገት ወይም ወደ ተራራው ጎን መጠጋት ተገቢ ነው።

ፍጥነትም የራሱን ዋጋ ያስከፍላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና አሽከርካሪው ነገሩን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ በሚያልፈው 1 ሰከንድ ውስጥ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

የመሥሪያ ቤቶች ድርሻ

የዕለት ፍተሻ የአሽከርካሪው ሥራ ቢሆንም ውጤቱ በኃላፊዎች ውሳኔ ላይም የተመሠረተ ነው። ወደ ገጠር ቀበሌዎች ለመስክ ሥራ የሚሰማራ ተሽከርካሪ ስምሪት ሲፈረም ፍተሻው መደረጉን መጠየቅ ከፈራሚው ይጠበቃል። ያለቀ ጎማና ሸራ ለመለወጥ የቀረበ ጥያቄ የበጀት ዓመት እስኪያልቅ የሚቆይ ጉዳይ አይደለም። «ፍሬኑ ልክ አይደለም» ብሎ ጉዞ ያቆመ አሽከርካሪ ሥራ እንዳጓተተ መቆጠር የለበትም፤ ይልቁንም የተሳፈሩትን ባልደረቦቹን ሕይወት እንደጠበቀ ሊታይ ይገባዋል። ከመርሐ ግብር መዘግየትን የሚፈራ ኃላፊ አሽከርካሪውን በቁልቁለት ላይ ማጣደፉ ደግሞ ፍተሻውን ሁሉ ዋጋ ያሳጣዋል።

ፍተሻው ከተለመደ ከ15 ደቂቃ ብዙም የማይበልጥ ጊዜ ይወስዳል። ከመካነ ኢየሱስ ማለዳ የሚነሳ ለማጅ ይህን ጊዜ ከልምምዱ ጋር አብሮ ከተማረው መንጃ ፈቃዱን ከያዘም በኋላ አይተወውም። ከደጋው ጫፍ ወደ ሸለቆው ለመውረድ ማርሽ ሲያከብድ የሚተማመንበትም ጠዋት በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ነክቶ፣ በእግሩ ረግጦ ያረጋገጠውን ይሆናል።