ከቤት ደጃፍ የቆመ ሕግ

በጥቁር ዓባይ ዳርቻ የሚገኘው አል-ማንሺያ ከካርቱም ባለጸጋ ሠፈሮች አንዱ ነው። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ተቀስቅሶ ነዋሪውን እስኪበትን ድረስ፣ በእንዲህ ዓይነት ሠፈሮች ምግብ ከሚያበስሉትና ሕፃናት ከሚጠብቁት መካከል በርካታ ኢትዮጵያውያት ነበሩ። ይህ የቤት ውስጥ ሥራ በሕፃናት ጉልበት ሕግ ታሪክ ውስጥ የተለየ ስፍራ አለው፤ ሕጉ ፋብሪካውን ሲጠብቅ ቤቱን አልፎታልና።

የሕጉ መነሻ ራሱ ፋብሪካ ነበር። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1833 ከ9 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በአብዛኞቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች እንዳይሠሩ ከለከለች። እ.ኤ.አ. በ1919 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅትም በዚያው ዓመት ለኢንዱስትሪ ሥራ ዝቅተኛውን ዕድሜ 14 ዓመት አደረገ።

በኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከአሠሪው ቤተሰብ ጋር የሚኖር ሠራተኛ ጤናውና ሥነ ምግባሩ እንዲጠበቅ አሠሪውን ያዛል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን ከጉልበት ብዝበዛ ይጠብቃል። አዋጅ ቁጥር 377/1996 ከ14 ዓመት በታች፣ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያሉትን መቅጠር ከለከሉ፤ ወጣት ሠራተኛም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ደነገጉ። ሆኖም ሁለቱም አዋጆች ለትርፍ ያልሆነውን የግል አገልግሎት ከወሰናቸው ውጭ አድርገው፣ ጉዳዩን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሚያወጣው ደንብ ተዉት።

የሱዳንም መንገድ ከዚህ አልራቀም። የቤት ሠራተኞች ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1955 በወጣ የተለየ ሕግ የታየ ሲሆን፣ የ1997ቱ የሥራ ሕግ እነርሱን አላካተተም። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ዝቅተኛ የሥራ ዕድሜና ስለ አስከፊ የሕፃናት ሥራ የተደረጉትን ስምምነቶች ተቀበለች፤ በ2010 ደግሞ የሕፃናት ሕግ አወጣች።

የዚህ ክፍተት ዋጋ ከሁሉ በላይ የሚከፈለው ከገጠር ወደ ከተማ በምትላክ ልጅ ነው። «ታስተምራለህ፣ ታሳድጋለህ» ተብሎ ለዘመድ ትሰጣለች፤ ከዚያም ውኃ ቀጂ፣ እንጀራ ጋጋሪና ሕፃን አዛይ ሆና ትቀራለች። ዝምድናው ሥራውን ስለሚሸፍነው ደመወዝም፣ የዕረፍት ሰዓትም አይቆረጥላትም። ሊስትሮው በአደባባይ ይታያል፤ እርሷን ግን የሥራ ተቆጣጣሪ አያገኛትም።

ስለዚህ ዝቅተኛው ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ማደጉ መልካም እርምጃ ቢሆንም፣ ለዚህች ልጅ ትርጉም የሚኖረው ሕጉ የቤቱን ደጃፍ ሲሻገር ብቻ ነው።