ፆታ ተሻጋሪ

ፆታ ተሻጋሪ፦ ሲወለድ ከተጻፈለት ፆታ የተለየ የፆታ ማንነት ያለው ሰው። በዜና «ትራንስጀንደር» እየተባለ የምንሰማውን ቃል የሚተካ ነው።

አመሠራረቱ። «ተሻጋሪ» ለአማርኛ እንግዳ አይደለም። ሰዋስው ተሻጋሪ ግሥ ይላል፤ ዓባይን ሁላችንም ድንበር ተሻጋሪ እንለዋለን። የደብረ ብርሃኑ በሬሳ ወንዝ ጀማን ይቀላቀላል፣ ጀማም ዓባይን፤ ውሃው ድንበር ቢሻገርም ያው ውሃ ነው። «ፆታ ቀያሪ» የሚለውን የማልመርጠው ለዚህ ነው። «ቀያሪ» ስንል ሰውዬው አንድ ቀን ተነሥቶ የለወጠው ነገር ያለ፣ ቀዶ ሕክምናም የግድ ያደረገ ይመስላል። ብዙዎቹ ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ በውስጣቸው የሚያውቁትን ነው የሚናገሩት።

ከምን ይለያል? ፍናፍንት የሚባለው ሰው ልዩነቱ በተፈጥሮ አካሉ ላይ ነው። የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር «ማንን እወዳለሁ?» ለሚለው መልስ ነው፤ ፆታ ተሻጋሪነት ደግሞ «እኔ ማን ነኝ?» ለሚለው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የሚከለክለው የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ቢሆንም፣ ሰው ሁለቱን ስለሚያደባልቅ ፍርሃቱ ለሁሉም ይደርሳል።

የቆየው ስም። «ወንዳገረድ» የሚለው ቃል ዛሬ ስድብ ሆኗል፤ ለሰው መጠሪያ አይሆንም። መኖሩ ግን አንድ ነገር ይመሰክራል፦ ሰዎቹ ትናንት በዜና የመጡ አይደሉም። አንትሮፖሎጂስቱ ሳይመን ሜሲንግም ስለ ደጋው አማራ እ.ኤ.አ. በ1957 ባቀረበው ጥናት በሴት ወግ የሚኖሩ ወንዶችን ጠቅሷል።

በመዝገብ። ከቀበሌ የሚወጣ ሪፖርት ብዙ ጊዜ ሦስት ዓምድ አለው፦ ወ (ወንድ)፣ ሴ (ሴት)፣ ድ (ድምር)። ፆታ ተሻጋሪው በድምሩ ውስጥ አለ፤ ማንነቱ ግን የትኛውም ዓምድ ላይ አይታይም። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2021 የሕዝብ ቆጠራዋ ሁለት ጥያቄ ለየብቻ አቀረበች፦ ሲወለዱ የተመዘገበው ፆታዎ ምንድን ነው? አሁንስ? 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው መካከል ፆታ ተሻጋሪዎችና ራሳቸውን ከወንድም ከሴትም የማይመድቡ 100,815 ሰዎች ተገኙ፤ ከ300 ሰው አንድ ገደማ። ያልተቆጠረ ሰው ደግሞ በጤናም ሆነ በሥራ ዕቅድ ውስጥ አይገባም። ይሁንና ሕግ በማይከልልበት አገር ስም ያለበት ዝርዝር ራሱ አደጋ ነው። ስለዚህ የሚቀድመው ከለላው ነው፤ ጥያቄውም ሲመጣ በፈቃድና ያለ ስም ሊሆን ይገባል።

አጠራር። ከመዝገቡ በፊት የሚመጣው ቃል ነው፤ እሱ ደግሞ በእጃችን አለ። «አንተ» ወይስ «አንቺ» ብሎ የተቸገረ፣ አንኮበር ገበያ ላይ ለማያውቁት ትልቅ ሰው የሚባለውን «እርስዎ» ይበል። ይህ የአክብሮት ቃል ወንድ ሴት አይለይም። ስለ ሰው ሲወራ የሚባለው «እሳቸው»ም እንዲሁ ነው፦ «እሳቸው ፆታ ተሻጋሪ ናቸው፤ ጎረቤታችን ናቸው።»