ፍትሐ ነገሥትና የሰው ባሕርይ

በቀድሞው የኢትዮጵያ ልማድ ሰው በጉልበተኛ እጅ የወደቀ እንደ ሆነ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ይጮኽ ነበር፤ ይህን ቃል የሰማ አጥቂም ጌታ ቢሆን ጭፍራ ከዚያ በላይ እንዳይራመድ ልማዱ ያስገድደው ነበር። ከሳሽና ተከሳሽም የኩታቸውን ጫፍ አስተሳስረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። «በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» የሚለው ተረትም ሕዝቡ ለፍርድ የነበረውን ክብር ያስረዳል። ነገር ግን ይኸው ሕዝብ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎም ተርቷል። አንዱ ተረት ፍርድን ሲያከብር ሌላው ሹመትን መብል ያደርገዋል። ሁለቱ በአንድ ሕዝብ አፍ እንዴት አብረው እንደ ኖሩ ለመረዳት የፍትሐ ነገሥትን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል።

የፍትሐ ነገሥት ምንጩ ግብፅ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት ኢብን አል አሳል የተባለው የቅብጥ ሊቅ ከቅዱሳት መጻሕፍት፥ ከቤተ ክርስቲያን ቀኖናና ከሮም ነገሥታት ሕግ አውጣጥቶ በዓረብኛ አዘጋጀው። ወደ ግዕዝ የተመለሰውም፥ እንደሚነገረው፥ በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። ካሉት 51 አንቀጾች 22ቱ ስለ መንፈሳዊ፥ 29ኙ ስለ ሥጋዊ ነገር ይናገራሉ።

ስለ ነገሥታት የሚናገረው 44ኛው አንቀጽ ከኦሪት ዘዳግም በወሰደው ቃል ንጉሥ ፈረስን፥ ሚስትንና ወርቅን እንዳያበዛ ይከለክላል፤ የሕጉንም ግልባጭ ይዞ በዕድሜው ሙሉ እንዲያነበው ያዝዛል። ይኸውም ልቡ በወንድሞቹ ላይ እንዳይታበይ ነው። መጽሐፉ ንጉሥ በተፈጥሮው ክፉ ነው አላለም፤ ሥልጣን ግን የማንንም ሰው ልብ እንደሚያስታብይ ዐውቆአል።

ስለ ባርነት በሚናገረው ክፍል ደግሞ ሰው ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ ነጻ እንደ ሆነ፥ አንዱን የሌላው አገልጋይ ያደረገው ጦርነትና ጉልበት እንደ ሆነ ያስረዳል። ይህን ያህል የጠለቀ አሳብ በዚያ ዘመን መጻፉ የሚደነቅ ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፉ እውነቱን ከመሰከረ በኋላ ለባርነት ሥርዓት ሠራለት እንጂ አልሻረውም።

ጥበቡ ሳይሠራ የቀረበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፥ መጽሐፉ በግዕዝ ስለ ተጻፈ ምሥጢሩ የሚታወቀው በሊቃውንት ጉባኤ ብቻ ነበር። ሁለተኛ፥ በዙፋን ችሎት ሊቃውንቱ አንቀጹን ጠቅሰው ቢናገሩም የመጨረሻው ቃል የንጉሡ ነበር። ስለዚህ ንጉሡን የሚገሥጸው አንቀጽ ንጉሡን የሚጠይቅ ዳኛ አላገኘም፤ ባርያውም በተፈጥሮው ነጻ መሆኑን የሚመሰክርለትን ገጽ ማንበብ አልቻለም።

ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመት አዋጅ ወጣ፤ ፈጽሞ የተሻረው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው። በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ተሰጠ፤ በ1948 ዓ.ም. ተሻሻለ። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአማርኛ ታተሙ። በዚህም የመጀመሪያው እንቅፋት በመጠኑ ተነሣ፤ ሁለተኛው ግን እንዳለ ቀረ፤ የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን ከመጠየቅ በላይ አድርጎታልና። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ሲያወርድ ሕገ መንግሥቱን አገደ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር 14 ቀን ወደ 60 የሚጠጉ የቀድሞ ባለሥልጣኖችና ሌሎች እስረኞች ያለ ፍርድ ተገደሉ። በንጉሡ ላይ ያልሠራው ሕግ ንጉሡን ላወረዱትም ልጓም ሊሆን አልቻለም።

እንግዲህ የሰውን ባሕርይ የሚያውቅ ሕግ መጻፉ ብቻውን አይበቃም። ታናሹ የሚያነበው፥ ታላቁም የሚጠየቅበት ሊሆን ይገባል። በዚህ ረገድ የመምህራን ድርሻ ቀላል አይደለም። ንባብን ማስተማር የሕግን በር መክፈት ነው። ከዚህም ሌላ ሕፃን የሕግን ትርጉም አስቀድሞ የሚማረው የትምህርት ቤቱ ደንብ በተማሪው ላይ እንደሚሠራ ሁሉ በአስተማሪውና በዲሬክተሩም ላይ ሲሠራ በማየት ነው። ይህን ሳያይ ያደገ ልጅ በተሾመ ጊዜ ሹመቱን መብል ቢያደርገው ሊያስደንቅ አይገባም።